72 ሰዓቱ ከየት ይጀምራል? ለጉዞ የሚጠየቅ የኮቪድ ምርመራን ጊዜ አስልቶ ለመያዝ ዝርዝር መመሪያ

ከቼክ ኢን መስኮት የሚመለስ መንገደኛ ሁሉ ቫይረሱ የተገኘበት አይደለም። ውጤቱ ኔጌቲቭ ነው፣ ወረቀቱ ማህተም አለው፣ ስሙም ልክ ነው፤ ናሙናው ግን ከተፈቀደው ሁለት ሰዓት ቀድሞ ተወስዷል። ወይም ናሙናው በሰዓቱ ተሰጥቶ ውጤቱ የደረሰው ምዝገባው ከተዘጋ በኋላ ነው። ሁለቱም ስህተቶች የሚሠሩት ቀጠሮ በተያዘበት ቀን፣ ሂሳቡ ላይ ነው። ይህ መመሪያ በዋናነት ያንን ሂሳብ ያሳያል።

የዓለም ጤና ድርጅት የኮቪድ 19 ዓለም አቀፍ የአስቸኳይ ጊዜ ሁኔታ ማብቃቱን ያስታወቀው እ.ኤ.አ. ሜይ 5 ቀን 2023 ነው። አሜሪካ የመግቢያ ምርመራን ከጁን 12 ቀን 2022፣ ካናዳ ከኦክቶበር 1 ቀን 2022፣ ጃፓን ከኤፕሪል 29 ቀን 2023፣ ቻይና ከኦገስት 30 ቀን 2023 ጀምሮ አንስተዋል። እንዲህ ያለ ደንብ ግን ሲመለስ ጊዜ አይሰጥም። አሜሪካ ለሁሉም መንገደኛ ካነሳችው በኋላ፣ ከጃንዋሪ 5 ቀን 2023 ጀምሮ ከቻይና ለሚነሱ ሰዎች መልሳ ጠይቃ ነበር። ከዚያ በፊትም የ3 ቀኑን ገደብ ወደ 1 ቀን ስታጠብ ለውጡ ዲሴምበር 2 ቀን 2021 ተነግሮ ዲሴምበር 6 በሥራ ላይ ውሏል፤ በመሃል የነበረው አራት ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ ከታች ያሉት የሀገር ምሳሌዎች የዚያን ጊዜ ደንቦች ቢሆኑም፣ የስሌቱ መንገድ ለማንኛውም ተመሳሳይ ደንብ ይሠራል። ሰዓቶቹን ሁሉ በትኬት ላይ እንደሚታተሙት በ24 ሰዓት አቆጣጠር ጽፈናል።

1. ደንቡን ሲያነቡ አምስት ነገር ያውጡ

«የ72 ሰዓት ምርመራ» የሚለው አነጋገር ለብቻው ምንም አይነግርም። ወረቀት ይያዙና የእነዚህን መልስ ይጻፉ።

የመጀመሪያው የምርመራው ዓይነት ነው። ፒሲአር (የቫይረሱን ዘረመል የሚፈልገው የላብራቶሪ ምርመራ) ብቻ ነው የሚቀበሉት፣ ወይስ ፈጣን የአንቲጂን ምርመራም (የቫይረሱን ፕሮቲን በኪት በደቂቃዎች የሚያሳየው) ይበቃል? የአውሮፓ ኅብረት ዲጂታል ሰርተፊኬት መጀመሪያ ላይ ለፒሲአር 72 ሰዓት፣ ለአንቲጂን 48 ሰዓት ነበር የሚሰጠው፤ በፌብሩዋሪ 2022 የአንቲጂኑ ወደ 24 ሰዓት ወረደ። በደም የሚታይ የፀረ እንግዳ አካል ምርመራ በእነዚህ ምትክ አያገለግልም። ቻይና በኖቬምበር 2020 የደም ምርመራ ስትጠይቅም ከፒሲአሩ ጋር ደርባ ነው።

ሁለተኛው ሰዓቱ ከምን እንደሚነሳ ነው። አብዛኞቹ ደንቦች የሚቆጥሩት ናሙናው ከአፍንጫ ወይም ከጉሮሮ ከተወሰደበት ደቂቃ ነው። ውጤቱ የወጣበት ወይም ወረቀቱ የታተመበት ሰዓት ዋጋ የሚኖረው ደንቡ በግልጽ እንዲህ ካለ ብቻ ነው። ደንቡ ዝም ካለ ከናሙናው ይቁጠሩ፤ ያ ጠባቡ ስለሆነ አያሳስትም።

ሦስተኛው ሰዓቱ እስከ ምን እንደሚቆጠር ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ሦስት አማራጭ አለ፦ የመጀመሪያው በረራ የሚነሳበት፣ ወደ መድረሻው ሀገር የሚገባው የመጨረሻው በረራ የሚነሳበት፣ ወይም መድረሻው ላይ የሚያርፉበት ሰዓት። ካናዳ የምትቆጥረው ወደ ካናዳ ከሚገባው የመጨረሻ ቀጥታ በረራ መነሻ ነበር፤ ስፔን በኖቬምበር 2020 ያወጣችው ደንብ ደግሞ መድረሻን ይል ነበር። ቁጥሩ በሁለቱም 72 ነበር፤ ቀጠሮዎ ግን ሊለያይ ይችላል።

አራተኛው፣ ሰዓት ነው ወይስ ቀን? የአሜሪካው «ከ1 ቀን ያልበለጠ» ደንብ የሚቆጥረው የቀን መቁጠሪያውን ነበር። በረራዎ ዓርብ 23:30 ከሆነ ሐሙስ ከ00:00 ጀምሮ የተወሰደ ናሙና ሁሉ ይሠራል፤ ይህ ወደ 48 ሰዓት ይጠጋል። በረራዎ ዓርብ 01:00 ከሆነ ግን ያው ሐሙስ ያለው 25 ሰዓት ብቻ ነው። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ወዲያው የሚነሳ በረራ በቀን በሚቆጠር ደንብ ላይ በጣም ጠባቡ ነው፤ የትኬት ምርጫ ካለዎት ይህንን ከዋጋው ጋር ይመዝኑት።

አምስተኛው ማን ነፃ እንደሆነ ነው። የልጆች ዕድሜ ከሀገር ሀገር ይለያያል፤ አሜሪካ ከ2 ዓመት ጀምሮ ስትጠይቅ ካናዳ ከ5 ዓመት ጀምሮ ነበር። ሁለት ሀገር የሚያልፍ ቤተሰብ ጠባቡን ይከተል።

ይህንን ሁሉ የሚያነቡት ከመድረሻው ሀገር መንግሥት ገጽ ነው። ቀጥሎ የአየር መንገዱን ያዩታል። የቼክ ኢን ሠራተኛው የሚያየው ብዙውን ጊዜ ቲማቲክ የሚባለውን የአየር መንገዶች ማኅበር፣ የአያታን የመግቢያ ደንቦች ቋት ስለሆነ፣ አየር መንገድዎ በድረ ገጹ የቲማቲክ መጠይቅ ካለው ፓስፖርትዎንና መስመርዎን አስገብተው ያንኑ ጽሑፍ ያንብቡ። ደንቡን ያነበቡበትን ቀን አጠገቡ ይጻፉ፤ ከበረራው 72 ሰዓት በፊት እና በጉዞው ዋዜማ ደግመው ይዩት።

2. ከኋላ ወደ ፊት ይቁጠሩ

ሁሉንም ሰዓት መጀመሪያ ወደ ዓለም አቀፉ ሰዓት፣ ወደ ዩቲሲ ይለውጡ። ትኬት ላይ ያለ ሰዓት ሁሉ የየከተማው ሰዓት ነው፤ የሁለት ከተማን ሰዓት በቀጥታ መቀነስ የሰዓት ቀጠናውን ልዩነት ያህል ያሳስታል።

አንድ ጉዞ እንውሰድ። መነሻው ከዩቲሲ 3 ሰዓት ይቀድማል፤ በረራው ዓርብ 23:30 ይነሳል፤ በዩቲሲ ዓርብ 20:30 ማለት ነው። የመሸጋገሪያው ከተማ በ1 ሰዓት ይቀድማል፤ ከዚያ የሚነሳው ሁለተኛ በረራ ቅዳሜ 11:00 ነው፤ በዩቲሲ 10:00። መድረሻው ከዩቲሲ 5 ሰዓት ወደ ኋላ ነው፤ አውሮፕላኑ ቅዳሜ 13:30 ያርፋል፤ በዩቲሲ 18:30።

አሁን ከእያንዳንዱ ላይ 72 ሰዓት ይቀንሱና ወደ መነሻው ከተማ ሰዓት ይመልሱ። ደንቡ የመጀመሪያውን በረራ ከቆጠረ ናሙና መስጠት የሚችሉት ከማክሰኞ 23:30 ጀምሮ ነው። የመጨረሻውን በረራ ከቆጠረ ከረቡዕ 13:00 ጀምሮ። መድረሻን ከቆጠረ ከረቡዕ 21:30 ጀምሮ። በመጀመሪያውና በመጨረሻው መካከል 22 ሰዓት ልዩነት አለ። ረቡዕ ጠዋት 9:00 ላይ ናሙና የሰጠ ሰው በመጀመሪያው ደንብ ያልፋል፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ይመለሳል።

ይህ የጊዜው አንድ ጫፍ ነው። ሌላውን ጫፍ የሚወስነው ላብራቶሪው ነው። ቼክ ኢን ብዙ ጊዜ ከበረራው 3 ሰዓት ገደማ በፊት ይከፈትና 1 ሰዓት ሲቀር ይዘጋል። ውጤቱ እጅዎ እንዲገባ የሚያስፈልገው እንግዲህ በመነሻው ከተማ ሰዓት ዓርብ 20:30 ላይ ነው። ላብራቶሪው በ36 ሰዓት ውስጥ እሰጣለሁ ካለ፣ ከዓርብ 20:30 ላይ 36 ሰዓት ሲቀነስ ሐሙስ 08:30 ይሆናል፤ ከዚያ ዘግይቶ ናሙና መስጠት አይቻልም።

መድረሻን በሚቆጥረው ደንብ ያለዎት ጊዜ እንግዲህ ከረቡዕ 21:30 እስከ ሐሙስ 08:30 ነው። 11 ሰዓት ይመስላል። ላብራቶሪው ናሙና የሚቀበለው ከ08:00 እስከ 17:00 ከሆነ ግን የሚቀረው ሐሙስ ጠዋት ያለው ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው። ወረፋ ካለ እሱም ይሄዳል። ገደቡ 48 ሰዓት ቢሆን ደግሞ ናሙና የሚጀመረው ሐሙስ 21:30 ይሆናል፤ በ24 ሰዓት ውጤት የሚሰጥ ላብራቶሪ መቀበል ያለበት የመጨረሻው ናሙና ሐሙስ 20:30 ስለሆነ፣ በአንድ ሰዓት ልዩነት ጨርሶ አይቻልም። ፈጣን አገልግሎት መግዛት ወይም በረራውን መለወጥ የግድ ይሆናል። ይህንን ትኬት ከመግዛትዎ በፊት ማወቅ አለብዎት።

በመጀመሪያው ጫፍ ላይ ቢያንስ 3 ሰዓት መጠባበቂያ ይተዉ። ናሙና የሚፈቀደው ከረቡዕ 13:00 ጀምሮ ከሆነ 13:10 ላይ አይስጡ፤ 16:00 ላይ ይስጡ። የበረራ ሰዓት በጥቂቱ ሲገፋ የሚያድንዎት ይህ ነው።

3. ላብራቶሪውን የሚጠይቁት ጥያቄ

«ውጤት በስንት ሰዓት ይደርሳል?» ብለው ብቻ አይጠይቁ። የፒሲአር ሥራ ራሱ፣ ዘረመሉን ከናሙናው ማውጣትና በማሽን ማባዛት፣ ጥቂት ሰዓታት ነው የሚፈጀው። ቀሪው ጊዜ መጓጓዣና ወረፋ ነው። ብዙ ላብራቶሪዎች ናሙናዎችን ሰብስበው 96 ጉድጓድ ባለው ሳህን ላይ በዙር ነው የሚሠሩት። ስለዚህ የሚጠየቀው፦ «የመጨረሻው ዙር ማሽን የሚገባው ስንት ሰዓት ላይ ነው? የእኔ ናሙና ለዚያ እንዲደርስ ስንት ሰዓት መስጠት አለብኝ?» 14:00 ላይ ዙሩ ከተዘጋ 14:20 ላይ የሰጡት ናሙና እስከሚቀጥለው ዙር ያድራል፤ «24 ሰዓት» የተባለው የሚረዝመው በዚህ ነው።

አስከትለው ይጠይቁ፦ ቅዳሜና እሑድ፣ በበዓልም ይሠራሉ? ናሙናው እዚሁ ይመረመራል ወይስ ወደ ሌላ ከተማ ይላካል? ሰርተፊኬቱ ላይ ናሙና የተወሰደበት ሰዓት ከነደቂቃው ይጻፋል? መድረሻው ሀገር የፈቀዳቸው ላብራቶሪዎች ዝርዝር ካለ እዚያ ውስጥ አሉ? የመጨረሻውን በቃል አይቀበሉ፣ ዝርዝሩን ራስዎ ይዩ።

4. ከምርመራው በፊት ባሉት ቀናት

ሰዓቱን ብቻ አሳክቶ ቫይረሱን መርሳት አይቻልም። ከተጋለጡ በኋላ ምልክት እስኪታይ በቀድሞዎቹ ዝርያዎች በአማካይ 5 ቀን ገደማ፣ በኦሚክሮን 3 ቀን ገደማ ይወስዳል። ከሳምንት በፊት ጀምሮ የተጨናነቀ ቤት ውስጥ ስብሰባን መቀነስና አፍና አፍንጫን መሸፈን ከየትኛውም የቀጠሮ ብልሃት የበለጠ ጉዞውን ያድናል። ትናንት የተጋለጠ ሰው ዛሬ ኔጌቲቭ መውጣቱ ምንም አያረጋግጥም፤ ቫይረሱ ገና አልበዛም።

አቅም ከፈቀደ ከ5 እስከ 7 ቀን ቀደም ብሎ አንድ የግል ምርመራ ማድረግን አጥብቀን እንመክራለን። ፖዘቲቭ ከወጣ ትኬት ለመቀየር ጊዜ አለ፤ በዚህ ላይ ወረቀቱ ከታች እንደምንገልጸው የማገገሚያ ማስረጃ መነሻ ቀን ይሆናል። ለዚህም ምርመራውን በቤት ኪት ብቻ ሳይሆን የታወቀ ተቋም ዘንድ ያድርጉት።

5. ናሙና የሚሰጡበት ቀን

ፓስፖርትዎን ይዘው ይሂዱ፣ ስምዎን በቃል አይናገሩ። መዝጋቢው ከፓስፖርቱ ላይ እያየ ይጻፍ። ስምዎ ላይ ያለ አንድ ፊደል ከፓስፖርቱ ከተለየ የሚስተካከለው እዚያው ባለሙያው ፊት ነው፤ ውጤቱ ከወጣ በኋላ ማስተካከል ግማሽ ቀን ሊበላ ይችላል።

ናሙናው ምራቅ ከሆነ ከ30 ደቂቃ በፊት ጀምሮ አይብሉ፣ አይጠጡ፣ ማስቲካ አያኝኩ፣ አያጭሱ። የአፍንጫ ከሆነ አስቀድመው ይናፈጡ። ስዋቡ (ናሙና የሚወሰድበት ጫፉ ጥጥ መሳይ ቀጭን ዘንግ) በሚገባበት ጊዜ ጭንቅላትዎን ወደ ኋላ አያሽሹ፤ ባለሙያው ለጥቂት ሰከንድ ማሽከርከር አለበት። ሳይነካ የወጣ ስዋብ በቂ ናሙና አይዝም፤ ከዚያ «ናሙናው በቂ አይደለም» የሚል መልስ ይመጣና ሰዓትዎ ይባክናል። ሀገሩ የሚቀበለውን የናሙና ዓይነትም ያረጋግጡ፤ ጃፓን ከጉሮሮ ብቻ የተወሰደ ናሙናን አትቀበልም ነበር።

ከዚያ ሰዓትዎን ይመልከቱ። ስዋቡ ከአፍንጫዎ ሲወጣ 16:04 ከሆነ 16:04 ብለው ስልክዎ ላይ ይጻፉ፤ ቱቦው ላይ የተለጠፈውን ባርኮድና በደረሰኝዎ ላይ ያለውን ቁጥርም ያስተያዩ። ከዚያም ባለሙያው ቅጹ ላይ ምን ሰዓት እንደጻፈ ይጠይቁ። አንዳንድ ጊዜ የሚታተመው የተመዘገቡበት ሰዓት ነው። ወረፋው ሁለት ሰዓት ከፈጀ ወረቀትዎ ሳያስፈልግ ሁለት ሰዓት ያረጃል። በተቃራኒው ውጤቱ የወጣበትን ሰዓት ብቻ የሚጽፍ ወረቀት ቼክ ኢን መስኮት ላይ ውድቅ ሊሆን ይችላል፣ ናሙናው መቼ እንደተወሰደ አያሳይምና።

ለአንቲጂን ምርመራ የኪቱ መመሪያ ሕግ ነው። ከማቀዝቀዣ የወጣ ኪት ወደ ክፍል ሙቀት ይድረስ። በብዙ ኪቶች መስመሩ የሚነበበው 15 ደቂቃ ላይ ሆኖ ከ30 ደቂቃ በኋላ የታየ መስመር አይታመንም። ራስዎ ቤት ያደረጉት ምርመራ ብዙ ጊዜ ለጉዞ አያገለግልም፤ አሜሪካ የምትቀበለው ባለሙያ በቪዲዮ እያየ የተደረገውን ነበር።

6. ወረቀቱን ሲቀበሉ

ከላብራቶሪው በር ሳይርቁ ወይም ኢሜይሉ እንደገባ ያንብቡ፦ ሙሉ ስም፣ የልደት ቀን፣ የፓስፖርት ቁጥር፣ የምርመራው ዓይነት፣ የናሙናው ዓይነት፣ ናሙናው የተወሰደበት ቀንና ሰዓት፣ ውጤት፣ የላብራቶሪው ስምና አድራሻ፣ ፊርማ ወይም ማህተም፣ ካለም ኪውአር ኮዱ። ቀኑ በቁጥር ብቻ ተጽፎ 05/04 ከሆነ ኤፕሪል 5 ነው ወይስ ሜይ 4? የወሩን ስም በፊደል እንዲጽፉ ይጠይቁ። ቋንቋውም መድረሻው የሚቀበለው ይሁን።

ፒዲኤፉን ስልክዎ ላይ ያስቀምጡ፣ ሁለት ቅጂ ያትሙ። ኪውአር ኮዱን በሌላ ስልክ ይሞክሩ። ቅድመ ጉዞ የኦንላይን ቅጽ ካለ የሚሞላው ውጤቱ ከመጣ በኋላ መሆኑን አይርሱ፤ ማረጋገጫው ጊዜ ሊወስድ ስለሚችል በጊዜ ሂሳቡ ውስጥ ያስገቡት።

7. መሸጋገሪያና መዘግየት

ሁለቱ በረራዎች በአንድ ትኬት ከሆኑና ከአውሮፕላን ማረፊያው ካልወጡ ብዙ ጊዜ የሚታየው የመድረሻው ደንብ ነው። ትኬቶቹ የተለያዩ ከሆኑ ግን ሻንጣ ለመውሰድ ኢሚግሬሽን ያልፋሉ፤ ያኔ ለመሸጋገሪያውም ሀገር ገቢ መንገደኛ ነዎት፣ ደንቡም ሙሉ በሙሉ ይመለከትዎታል። ሁለት ደንብ ሲደራረብ ሁለቱንም የጊዜ መስኮቶች በአንድ መስመር ላይ ይሳሉና የሚገናኙበትን ብቻ ይውሰዱ። ካልተገናኙ ሁለት ምርመራ ያስፈልጋል። ዱባይ በ2021 ከተወሰኑ ሀገሮች ለሚመጡ የ48 ሰዓቱን ፒሲአር ጠይቃ፣ በላዩ ላይ በመነሻው ማረፊያ በረራው ከመነሳቱ በፊት በ6 ሰዓት ውስጥ የሚደረግ ፈጣን ፒሲአር ጨምራ ነበር። እንዲህ ያለ ደንብ ሲያጋጥም ማረፊያው ላይ ከተለመደው ብዙ ቀድሞ መገኘት ግድ ነው።

በረራ ሲዘገይ ይቅርታ አለ ብለው አይገምቱ። አሜሪካ ከመንገደኛው አቅም ውጪ የሆነ መዘግየትን ለመጀመሪያው በረራ እስከ 24 ሰዓት፣ ለመሸጋገሪያው በረራ እስከ 48 ሰዓት ትታገሥ ነበር፤ ይህ ግን የአሜሪካ ደንብ ነው። መዘግየቱ እንደተነገረ የአየር መንገዱን የጽሑፍ ማረጋገጫ ይያዙ፣ መጠባበቂያ ያደረጉት 3 ሰዓት ይበቃ እንደሆነ ያስሉ፣ ካልበቃ ማረፊያው ውስጥ ያለውን ፈጣን ምርመራ ወዲያው ይፈልጉ።

8. ውጤቱ ያልጠበቁት ሲሆን

«አልተረጋገጠም» የሚል ውጤት ኔጌቲቭ አይደለም። ማሽኑ ከሚፈልጋቸው ዘረመሎች አንዱን ብቻ ሲያገኝ ወይም ምልክቱ በጣም ዘግይቶ ሲታይ ይመጣል። ሌላ ናሙና ይሰጣል፤ ስለዚህ የተፈቀደው ጊዜ የመጀመሪያ ክፍል ላይ የተመረመረ ሰው ሁለተኛ ዕድል አለው፣ መጨረሻው ላይ የተመረመረ የለውም።

ፖዘቲቭ ከወጣ አይጓዙ። ኔጌቲቭ እስኪወጣ ከላብራቶሪ ላብራቶሪ መዞርም አውሮፕላኑ ውስጥ አጠገብዎ የሚቀመጠውን ሰው አደጋ ላይ ይጥላል። ጉዞውን ያዛውሩና የፖዘቲቩን ወረቀት በጥንቃቄ ያስቀምጡ።

ከዳኑ በኋላም ፒሲአር ለሳምንታት፣ አንዳንዴም እስከ 3 ወር ፖዘቲቭ ሊል ይችላል፤ የሞተ ቫይረስ ቁርጥራጭንም ስለሚይዝ ነው። ለዚህ ሲባል ብዙ ደንቦች የማገገሚያ ማስረጃ ይቀበሉ ነበር፦ የአውሮፓ ኅብረት ከመጀመሪያው ፖዘቲቭ ናሙና ከ11ኛው እስከ 180ኛው ቀን፣ አሜሪካ በ90 ቀን ውስጥ የተገኘ ፖዘቲቭ ውጤትን ለጉዞ ብቁ ነው ከሚል የሐኪም ደብዳቤ ጋር። ስለዚህ በቅርቡ የታመመ ሰው ተጨማሪ ፒሲአር ከማድረጉ በፊት ይህ መንገድ ክፍት መሆኑን ይይ። ደንቡ አንቲጂንን የሚቀበል ከሆነ እሱ ከፒሲአሩ ቀድሞ ኔጌቲቭ የመሆን ዕድል አለው።

9. ከደረሱ በኋላ

አንዳንድ ሀገሮች ከመግቢያ በኋላም ምርመራ ያዝዙ ነበር። ብሪታንያ በፌብሩዋሪ 2021 የጀመረችው የ2ኛ እና የ8ኛ ቀን ምርመራ ነበር፤ የደረሱበት ቀን የሚቆጠረው ዜሮ ተብሎ ነበር። ቅዳሜ ያረፈ ሰው 2ኛ ቀኑ ሰኞ፣ 8ኛው የሚቀጥለው ሳምንት እሑድ ነው። አውሮፕላኑ ቅዳሜ 23:50 ካረፈም ቅዳሜ ዜሮ ነው፤ ዘግይቶ እሑድ 00:10 ካረፈ ግን ሁለቱም ቀጠሮዎች በአንድ ቀን ይገፋሉ፣ የተመዘገበውም ቀጠሮ ከማረፊያው ሳይወጡ መስተካከል አለበት።